እንደ ወንድሜ የተባልኩ ጊዜ

ሸዋሮቢት ውስጥ በፍቅር መታመም አይቻልም። ምግብ የዘጋው፣ ፊቱ የገረጣ፣ ጥግ ይዞ የተኛ ሰው ሁሉ ወባ ነው። እኔም በእናቴ እየተነዳሁ ጤና ጣቢያ ሄጄ ጣቴን ተወጋሁ። ነጻ ነህ ተባልኩ። እናቴ አላመነችም፤ መሣሪያችሁ ተበላሽቷል ብላ ባለሙያውን ተቆጥታ ወጣች።

የእኔን ወባ የማውቃት ግን እኔ ነበርኩ። አውቶብስ ተራው አጠገብ ጁስ ቤት ከፍታ የምትሠራ ልጅ ናት። ለእሷ ስል የጠጣሁት ጁስ በቦይ ቢለቀቅ አንድ ማሳ ሽንኩርት ያጠጣል። ማንጎው እኮ ከጓሯችን በነጻ የሚረግፍ ነው፤ እሷ ስትፈጨው ግን ሌላ ፍሬ ይመስለኝ ነበር። በመጨረሻ እንደምንም ደፍሬ የልቤን ስነግራት፣ ብርጭቆ እያለቀለቀች፣ ሰው በሚያሳዝን ትሕትና፣ እንደ ወንድሟ እንደምታየኝ ነገረችኝ። ምግብ አልወርድልኝ ያለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ቀድማ የነቃችብኝ ታላቅ እህቴ ናት። በዋናው መንገድ ዳር ለመንገደኛ ሽንኩርት የምትሸጥ፣ የደሴ መስመር ሹፌሮች ሁሉ የሚፈሯት ምላሰኛ ናት። እኔን በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፤ "ይኼ ሰነፍ" ነበር ስሜ። ያን ቀን ፊቴን ትክ ብላ አየችና ጁስ ቤት መሄድ ለምን እንደተውኩ ጠየቀችኝ። ሽንኩርቷን መደርደር ስጀምር ገባት። ሽንኩርቷን ለጎረቤቷ አደራ ብላ፣ ሻሿን አጥብቃ ተነሳች። ጉዴ ፈላ ብዬ ተከተልኳት። ልትሳደብልኝ መስሎኝ ነው የፈራሁት። ላስቆማት ግን አልደረስኩም፤ ጁስ ቤቱ ደጃፍ ከቆመ አይሱዙ ኋላ ተሸሸግኩ።

ስድብ አልነበረም። እህቴ እኔን እያሞገሰች ነበር። ጎህ ሲቀድ የሚነሳ፣ የማሾውን ሰብል ብቻውን የሚሰበስብ፣ ለሽማግሌ ቀድሞ ወንበር የሚለቅ፣ ጨርሶ ስለማላውቀው አንድ ጎበዝ ወጣት ሰማሁ። ትንሽ ብትቀጥል እኔ ራሴ ልወደው ምንም አልቀረኝም።

ልጅቷ ታግሳ አዳመጠቻትና በአክብሮት መለሰች።

"ወላሂ እትዬ፣ ንቄው አይደለም። እንደ ወንድሜ ነው የማየው።"

የእህቴ ድምጽ ዝቅ አለ። እሷ በዝግታ ስትናገር ሰምቼ ስለማላውቅ ሌላ ሰው የመጣ መስሎኝ አንገቴን ብቅ አደረግኩ። እሷው ነበረች።

"እንደ ወንድምሽ ብታዪውማ፣ ሰሞኑን ሲጠፋ የት ገባ ብለሽ ትመጪ ነበር። እሱን እህል ከዘጋው ሰንብቷል፤ እኔም አልዋጥልኝ ብሎ ነው ሥራዬን ጥዬ የምዞረው። አትውደጂው፣ ግዴለም፣ በልብሽ ማን ያዝዛል። እንደ ወንድሜ ግን አትበይ። ወንድምነቱን ለእኔ ተይልኝ።"

የመኪናውን ጎማ ተደግፌ ተቀመጥኩ። ለልጅቷ የነበረኝ ፍቅር እዚያው በኖ አልጠፋም፤ ሰው እንደዚያ በቀላሉ አይድንም። ግን እንደዚያ አድርጎ የተከራከረልኝ ሰው አልነበረም። ደስ አለኝ፣ አፈርኩም፣ ጭራሽ እንባዬ መጣ።

እህቴ ስትወጣ አየችኝ። ከመቼ ጀምሮ እዚህ እንደቆየሁ ጠየቀችኝ፤ አሁን መድረሴ ነው አልኳት። ፊቴን አይታ አላመነችኝም። ጎን ለጎን ስንመለስ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠራረገች፤ ምን ሆንሽ ስላት አቧራ ነው አለች። ትንሽ እንደሄድን ምላሷ ተመለሰላት።

"በልጅቷ አትፍረድባት" አለችኝ። "እህትህ ባልሆን እኔም አልወድህም ነበር።"