በቤንችኛ የተነገረው ምስጢር

እናቴ ባልዲ ስታነሳ ክንዷ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ባልዲው ባዶ ነበር! የጡት ካንሰሯ ወደ አጥንቷ እንደተዛመተ የምናውቀው እኔና እህቴ ብቻ ነን። ለእሷ "እባጭ ነበር፣ ወጥቶልሻል" ብለናታል።

ጎረቤት ተሰብስቦ "ለስብራት ወጌሻ እያለ ሆስፒታል ምን ያደርጋል?" አለና ባጃጅ ጠራልን። እምቢ እንዳልል ምክንያቱን ልናገር ነው። ሄድን።

ሽማግሌው ወጌሻ እጃቸውን ቅቤ ቀብተው ወደ ክንዷ ሲጠጉ ላብ አጠመቀኝ። ያ አጥንት ከታሸ ያልቅለታል። ደጋግሜ በዓይኔ ጠቀስኳቸው።

"ልጄ፣ ዓይንህን ያምሃል እንዴ?" አሉኝ ጮክ ብለው።

ያኔ ዘዴ መጣልኝ። እናቴ የጎጃም ሰው ናት። እዚህ ሚዛን ከተማ ሠላሳ ዓመት ስትኖር ከአፏ አንዲት የቤንችኛ ቃል ሰምቼ አላውቅም። ለእኔ ግን ከሰፈር ልጆች ጋር እየተጫወትኩ ያደግሁበት ቋንቋ ነው። "ካንሰር" የሚለውን ቃል እንዳትለየው ዘልዬ፣ በቤንችኛ "አባባ፣ እንዳይነኩት! ክፉው በሽታ አጥንቷ ውስጥ ገብቷል። እሷ አታውቅም" አልኳቸው።

ሽማግሌው እጃቸውን ሰበሰቡ።

እናቴ በደህና እጇ ነጠላዋን አስተካከለችና፣ ከእኔ በጠራ ቤንችኛ መለሰችላቸው።

"አውቃለሁ አባባ። እባጩ ሲወጣልኝ ሆስፒታል ተኝቼ፣ ይሄ ልጅ አልጋዬ አጠገብ ቆሞ ከነርሷ ጋር በቤንችኛ ሲያወራ ሰምቻለሁ። እንዳይደነግጥብኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"