ቀዩ ጋራ ያልወረደበት ክረምት

ባለፈው ነሐሴ ደሴ ያለችውን ልጄን ጠይቄ ወደ ኮምቦልቻ ስመለስ ሐረጎ ላይ መንገድ ተዘጋብን። ሲዘንብ የሰነበተው ዝናብ ዳገቱን ንዶ፣ አፈርና ድንጋዩን አስፋልቱ ላይ ከምሮታል። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋና “ውረዱና ተንፈሱ፤ ዶዘር እስኪመጣ ነው” አለን። ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ ፊታችንን ያረጥበዋል። በቆሎ የሚጠብሱ ሴቶች ከየት እንደመጡ ሳናውቅ ከሰላቸውን አቀጣጥለው ደረሱልን፤ እኛም እሸታችንን እየፈለፈልን ቆምን። ከሐርቡ የመጣ አንድ ወጣት ነጋዴ የተናደውን ዳገት አሻቅቦ እያየ “የአላህ ሥራ ነው፤ ሰው ምን ያደርጋል?” አለ።

አላህ ያሻውን እንደሚያደርግ እኔም አምናለሁ። ሰው ምንም አያደርግም የሚለው ግን አልዋጥልኝ አለ። ልጁን አልተከራከርኩትም። በቆሎዬን ይዤ ከመንገዱ ዳር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ወደ ሃያ ዓመቴ ተመለስኩ።

መንደራችን ከኮምቦልቻ በላይ፣ ቀዩ ጋራ ከምንለው ተራራ ሥር ናት። ስሙን ያወጣለት መራቆቱ ነው። በልጅነቴ ሣር እንኳ አልነበረበትም፤ ዝናብ ሲመታው ቀይ ጎርፍ ይለቅ ነበር። ጎርፉ መሐሉን ሰርስሮ፣ ከሰው ቁመት የሚጠልቅ ቦረቦር አበጅቶ፣ አፉን በመንደሩ ላይ ከፍቶታል። አንድ ክረምት የአክስቴን የፋጡማን ቤት ከነጎተራው ጠርጎ ወሰደው። አክስቴ ልጆቿን አንጠልጥላ በመውጣቷ ነፍስ ተረፈ እንጂ፣ ማንኪያ እንኳ አላተረፈችም። በኋላ ሌላ መሬት ስላልነበራት ቤቷን መልሳ እዚያው ሠራች።

ከዚያ በኋላ ነው ጋራው ከከብት ተከልሎ፣ ሰዉ በስንዴና በዘይት እየተከፈለው እርከን የሠራው። ቦረቦሩ ውስጥም ጎርፉን የሚያበርድ የድንጋይ ክትር በየደረጃው ተደረደረ። እኔ ከመንደሩ ሴቶች ልጆች ጋር ችግኝ ጣቢያ ገባሁ። አፈር መንፋት፣ ፕላስቲክ መሙላት፣ ችግኙን በጀርባ አዝሎ ዳገት መውጣት ሥራችን ነበር። ሐምሌ ላይ ጭቃው እግራችንን ይዞ አለቅም ሲል እየተሳሳቅን እንጓተታለን። የተከልነውን ወይራና ግራር እንደ ልጅ ስም አውጥተን እንጠራው ነበር።

አባቴ ሰይድ ግን ያንን ጋራ አልወደዱትም። የፍየሎቻቸው መሰማሪያ ነበር፤ ሲዘጋ ማንም አላማከራቸውም። አንድ ቀን ሦስት ፍየሎቻቸው አጥሩን ጥሰው ገቡ። ጠመንጃ የያዙ የመንግሥት ጠባቂዎች ነድተው ወሰዷቸው፤ ፍየሎቹ በዚያው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ አባቴ እግራቸውን ወደዚያ አንሥተው አያውቁም። እኔ ከችግኝ ጣቢያ ስመለስም “የጋራው ሙሽራ መጣች” ይሉኛል፤ ሲሉት ግን አይስቁም።

መንግሥት ሲለወጥ ጠባቂዎቹ ጠፉ። ማዶ ያለው፣ እንደኛው የተተከለው ጋራ ብዙም ሳይቆይ ተመነጠረ፤ ግንዱ በአህያ ተጭኖ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። የኛም ሰዎች “የደርግ ዛፍ” ይሉት ጀመር፤ ሊቆርጡት ለቅዳሜ ተቀጣጠሩ።

አርብ ጠዋት አባቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ምሳራቸውን በሞረድ ሲስሉ አገኘኋቸው። እናቴ ያቀረበችላቸው አሹቅ ባቄላ ሳይነካ አጠገባቸው ተቀምጧል።

“አባ፣ እርስዎም ሊቆርጡ ነው?”

“ፍየሎቼን የበላ ጋራ ነው። ምን አዝንለታለሁ?”

“ከመቁረጥዎ በፊት አንድ ነገር ላሳይዎት። ለዛሬ ብቻ አብረውኝ ይውጡ።”

እምቢ ይሉኛል ብዬ ነበር። ምሳሩን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ተነሡ።

ክትክታውና ደደሆው ልብሳችንን እየያዘ ወጣን። እኛ ያልተከልነው፣ ወፍና ነፋስ ያመጡት ቁጥቋጦ ሁሉ በቅሏል። ቦረቦሩ ውስጥ ገብተን ሦስተኛው ክትር ላይ ስንደርስ አባቴ ቆሙ። ከድንጋዩ ጀርባ ደለል ሞልቶ፣ ሣሩ እስከ ወገብ ደርሷል። ከክትሩ ሥር ቀጭን ውኃ፣ ንጹሕ ውኃ፣ ይንጠባጠባል። አባቴ ጎንበስ ብለው አፈሩን ዘገኑና አሸተቱት። ገበሬ ናቸው፤ እኔ አንድ ቀን ሙሉ ብለፈልፍ የማልነግራቸውን አፈሩ ነገራቸው።

“ዳማው በሬዬ ወድቆ የሞተው እዚህ ነው” አሉ። “ያኔ ጥልቀቱ ከኔ ቁመት በላይ ነበር። ይህ ሁሉ አፈር የት ነበር የሚሄደው?”

“ቦርከና ወንዝ” አልኳቸው። “በአክስቴ ቤት በኩል አድርጎ።”

አባቴ የዘገኑትን አፈር መልሰው ክትሩ ላይ አኖሩና ቁልቁለቱን ቀደሙኝ።

ቅዳሜ ወንዶቹ ምሳርና ገጀራቸውን ይዘው ሲመጡ አባቴ ቀድመዋቸው ከጋራው መግቢያ ላይ ተቀምጠዋል። ምሳራቸው ጉልበታቸው ላይ ነው፤ እኔም ከኋላቸው ቆሜያለሁ። ከፊት የነበረው ይማም፣ የእድሜ እኩያቸው፣ “ሰይድ፣ ፍየሎችህን የነዱብህን ቀን ረሳኸው እንዴ?” አላቸው።

“ወላሂ አልረሳሁም። ፍየሎቼን የነዳው ሰው ነው፤ ዛፉ ምን አደረገኝ? ደግሞ መንግሥት አልተከለውም፤ የተከሉት ልጆቻችን ናቸው። ይቺው ናት፣ ጠይቋት።” ወደኔ ዞሩ። “ተናገሪ፣ ዘይነብ።”

ያን ያህል ወንድ ፊት ተናግሬ አላውቅም። ሆኖም ወደፊት ራመድ አልኩ።

“ጋሽ ይማም፣ ዛፉ ተቆርጦ ጎርፉ ቢነሣ፣ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የማንን ደጅ ነው?”

ይማም ቁልቁል አየ። ቤቱ ከአክስቴ ቤት አጠገብ፣ ከቦረቦሩ አፍ ፊት ለፊት ነው። ከዚያ ወደኔ ዞሮ “ታዲያ ከብቶቼ ምን ይብሉ? ቅጠል እያዩ ይጠግባሉ?” አለ።

እውነቱን ነበር። ለዚህ መልስ የሌለው ጥበቃ ደግሞ እንዳለፈው በጠመንጃ ካልሆነ አይቆምም። “ከብቱ አይግባ እንጂ ሣሩን ማጨድ ማን ከለከለዎት? ሣሩ የእናንተ ነው” አልኩ። ከዚያ ወዲያ ክርክሩ የትልልቆቹ ሆነ። ሲነታረኩ ረፈደ፤ በመጨረሻ ሣሩ በተራ እንዲታጨድ፣ ደረቁ ጭራሮ የሴቶች እንዲሆን፣ ጋራውንም እያንዳንዱ ቤት በተራው እንዲጠብቅ ተስማሙ። ዱአ ተደርጎ ተበተኑ። ሁሉም ደስ አላለውም፤ ከታችኛው ጠርዝ ከተተከለው ባሕር ዛፍ ጥቂቱን በማግሥቱ ተቆርጦ አግኝተነዋል።

ነሐሴ መጣ። አንድ ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ማዶ ካለው ጋራ የከባድ መኪና ጉርምርምታ የመሰለ ድምፅ ሰማን። ሁላችንም ወጥተን ከቦረቦሩ ዳር ቆምን። በኛም በኩል ውኃው መጣ። ከክትር ወደ ክትር እየዘለለ፣ በየደረጃው ጉልበቱ እየላላ ወረደ። የመጨረሻው ክትር ጫፉ መናድ ሲጀምር ይማም “ድንጋይ አቀብሉኝ!” ብሎ ጮኸ። ተሰልፈን ድንጋይ ተቀባበልን፤ አባቴ ከአጠገቤ ነበሩ፤ እጃቸው እየደማ አላስተዋሉትም። ጫፉን ደገፍነው፤ ያዘ። ዝናቡ ሲያባራ አክስቴ ፋጡማ ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር፤ ውኃው የደረሰው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ነው። “አልሐምዱሊላህ” እያለች ታለቅስ ነበር።

ማዶ ጎርፉ ቤቶች ወስዷል፤ ማሽላውም ደለል ውስጥ ተቀብሯል። ቀን ስለሆነ ሰው አልሞተም። በማግሥቱ እህልና ጭድ ይዘን ሄድን። አንድ ሽማግሌ የአባቴን እጅ ይዘው “እናንተን ምን አተረፋችሁ?” ብለው ጠየቁ። አባቴ ወደኔ አመለከቱ።

“ዘይነብ ናት፤ እኔ የዘይነብ አባት ነኝ” አሉ።

በአገራችን ልጅ በአባቷ ስም ትጠራለች። አባቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ፣ ገበያም ሆነ ሐዘን ቤት፣ ማንነታቸውን ሲጠየቁ “የዘይነብ አባት” ነበር መልሳቸው። በሚቀጥለው ክረምት ለማዶዎቹ ችግኝ የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ የመጀመሪያውን ጉድጓድ የቆፈሩት እሳቸው ናቸው።

መንገዱ ከሰዓት በኋላ ተከፈተና ኮምቦልቻ ገባን። ዛሬ በየስብሰባው አካባቢ ጥበቃ ለብቻው፣ አደጋ መከላከል ለብቻው ሲወራ እሰማለሁ። እኛ ለሁለቱ ሁለት ስም አልነበረንም፤ አፈሩን ስንይዘው ቤቱም ተያዘ፣ አለቀ። የደረሰ አደጋ ወሬው አገር ያዳርሳል፤ ሳይደርስ የቀረ አደጋ ግን ወሬ ነጋሪ የለውም። ያልተወሰደ ቤት ማን ፎቶ ያነሣዋል? እኔ ግን ለኢድ መንደሬ ስገባ አየዋለሁ። በዚያ ክረምት ያልነበሩ፣ በእነዚያ ቤቶች የተወለዱ ልጆች አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው እጄን ሊስሙ ይሽቀዳደማሉ። እነሱ ለምን እዚህ እንዳሉ አያውቁም። እኔ አውቃለሁ፤ አልደብቅም፣ እኮራለሁ።