ለሕፃኑ የዘፈንኩት መንገድ

ክፍሉ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ይመስለኛል። በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የስንዴ ፍሬ ተሰግስጓል፤ ግድግዳው እስከ ጉልበቴ ድረስ ረጥቧል። ፖሊሷ በሩን ከኋላዬ ስትዘጋው አሥራ አንድ ሴቶች ቀና ብለው አዩኝ። ማንም ምን አድርገሽ ነው አላለኝም። አንዷ ብቻ እግሯን ሰብስባ ቦታ ለቀቀችልኝ። ከሹራቧ ሥር፣ ደረቷ ላይ፣ አንዲት ትንሽ ጭንቅላት አየሁ። ከትልቅ ብርቱካን ብዙም አትበልጥም።

“በሰባት ወሩ ነው የመጣው” አለችኝ። “እንዳይበርደው ከገላዬ አላወርደውም።”

እሷ የታሰረችው ባሏ ተፈልጎ ስላልተገኘ ነው። እኔ የታሰርኩት ስለዘፈንኩ ነው። የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። የክፍል ጓደኛችን በጥይት ተመትቶ ሞተና ለቅሶው ላይ የሚወደውን ዘፈን አንጎራጎርኩ፤ ሌሎቹ ተቀበሉኝ። በሦስተኛው ቀን ከዶርም ወሰዱኝ። መርማሪው ግጥሙን አጽፎ በየመሥመሩ “ይሄ ማን ነው? ይሄስ የት ነው?” ይለኝ ነበር። ግጥሙ ውስጥ ወንዝና ፈረስ ነበሩ። ፈረሱ ማን እንደሆነ መናገር አልቻልኩም። ከልጅነቴ ጀምሮ የታዘዝኩትን የምፈጽም፣ ሰው እንዳይቆጣኝ የምጨነቅ ልጅ ነኝ። በመጨረሻ “አልዘፈንኩም፣ ከንፈሬን ብቻ ነው ያንቀሳቀስኩት” አልኩ። ሁለተኛ እንደማልዘፍንም ፈረምኩ። ከዚያ ወዲህ ጠባቂዎቹ “ዘፋኟ” ይሉኝ ነበር።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት እኔንና የሕፃኑን እናት ሆስፒታል ወሰዱን። እሷ የሄደችው ለልጁ ዓይን ምርመራ ነው፤ እኔ ከተመታሁ ጀምሮ ለሚጮኽብኝ ግራ ጆሮዬ። ካቴናው አንድ ብቻ ስለነበር የእሷን ግራ እጅ ከእኔ ቀኝ እጅ ጋር አሰሩት። ስለዚህ እሷ የገባችበት ሁሉ እኔም መግባት ነበረብኝ። ጢሙ የሸበተ አንድ ጠባቂ አጅቦን በሩ ላይ ቆመ።

ሲስተሯ የልጁ ዓይን ላይ ጠብታ ጨመረችና በጨርቅ ጠቅልላ ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው። ዶክተሩ በወር አንድ ቀን ከሌላ ከተማ የሚመጣ ነው። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ዓይኑ ውስጥ ያሉት የደም ሥሮች ተጣመው ሊያድጉ እንደሚችሉ፣ በጊዜው ካልታየ ብርሃኑን ሊያጣ እንደሚችል ለእናቱ ነገራት። ከዚያ የዓይን ቆብ ከፍቶ በሚይዝ ትንሽ ሽቦ የልጁን ዓይን ገለጠው።

ልጁ ጮኸ። ቀጥሎ መጮኹን አቆመ፤ ከንፈሩ አመድ መሰለ። ሲስተሯ ውስጥ እግሩን እስኪተነፍስ ድረስ አሸችው። እናቱ እጇን ወደ ልጁ ስትዘረጋ ካቴናው የእኔንም እጅ ጎተተው።

“አንድ ጊዜ ብቻ እንሞክራለን” አለ ዶክተሩ። “እንደገና ትንፋሹ ከቆመ ዛሬ አይሆንም።”

“ሌላ ቀንስ?”

“የምመለሰው በወሩ ነው። ያኔ ሊረፍድ ይችላል።”

“ዝፈኝለት” አለቻት ሲስተሯ። “ቀስ ያለ ድምፅ ሲሰሙ ይረጋጋሉ፤ እዚህ ሁሌ እንደዚህ ነው የምናደርገው። እኔ ትንፋሹን እቆጥራለሁ።”

እናቱ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳግ ነበር። ልጁም አብሯት መነጫነጭ ጀመረ። “እኔ ስጀምር ለቅሶ ይሆንብኛል” አለችና ወደ እኔ ዞረች። “እህቴ፣ አንቺ።”

ጠባቂውን አየሁት።

“ፈርማለች” አለ።

“ምን ብላ?” አለች ሲስተሯ።

“ላትዘፍን።”

ሲስተሯ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየችና ጣቷን ልጁ ደረት ላይ መልሳ አደረገች። “እየጠበቅን ነው” አለች።

የማውቀው ዘፈን ሁሉ ወይ ወንዝ አለው፣ ወይ ተራራ፣ ወይ የሰው ስም። ይሄ ማን ነው የማይባልበት ቃል ፈለግሁ። ያገኘሁት ወደ ቤተሰቦቼ ስሄድ የሚኒባስ ረዳቱ እየጮኸ የሚጠራቸውን ከተሞች ብቻ ነው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እየጎተትኩ፣ “ጎንዴ… ኢተያ… ዴራ…” አልኩ። ዴራ ስደርስ ተመለስኩ። “ዴራ… ኢተያ… ጎንዴ…” አንዱ ጆሮዬ ስለሚጮኽ ዜማው ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም።

ልጁ ተቁነጠነጠ፣ ግን ተነፈሰ። “አታቋርጪ” አለ ዶክተሩ። የቀኝ ዓይኑ ምርመራ አለቀ።

ይሄኔ ጠባቂው ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ገባ። መዝፈኔን አቆምኩ።

“ኢንተላ” አለኝ፣ ልጅት ማለቱ ነው። “አርቦዬ የት ሄደች?”

“በዚህ መንገድ አይደለችም፣ ጋሼ።”

“መንገዱ ጠፍቶኝ ነው? አገሬ ናት። አስገቢያት።”

“አርቦዬም ብትሆን ቶሎ ትግባ” አለ ዶክተሩ ቀና ሳይል። “ልጁ እየነቃ ነው።”

አስገባኋት። የግራውም ምርመራ አለቀ።

“ለአሁኑ ደህና ነው” አለ ዶክተሩ ለእናቱ። “ግን አልጨረስንም። የዛሬ ወር የግድ መታየት አለበት።” እናቱ ልጁን ሹራቧ ውስጥ መልሳ ከተተችው።

የእኔም ጆሮ ታይቶ ስንመለስ መኪናው ውስጥ ጠባቂው ወደ እኔ ጎንበስ አለ። “ኮሪደር ላይ ሰው ሰምቷል። መጠየቄ አይቀርም። ሲስተሯ ናት የዘፈነችው ልበላቸው?”

እውነቱን ለመናገር እሺ ልለው ነበር። የፈረምኩበት ወረቀት ዓይኔ ላይ ድቅን አለ። ከዚያ ግን “አይ፣ ጋሼ” የሚለውን የራሴን ድምፅ ሰማሁ። “እኔ ነኝ። ዘፍናለች ይበሏቸው።”

“እርግጠኛ ነሽ?”

“ዘፍኛለሁ።”

በማግስቱ ተጠራሁ። ቅጣቴ ለሁለት ሳምንት ቤተሰብ እንዳይጠይቀኝ መከልከል ሆነ። እስኪነግሩኝ ድረስ ከዚያ የባሰ ጠብቄ ስለነበር፣ ቢያሳፍርም፣ አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ።

የልጁ ቀጠሮ ሳይደርስ ተፈታሁ። አሁን አንደኛ ዓመትን እንደገና እየተማርኩ ነው። መምህር ስሜን ሲጠራ እንኳ ልቤ ይመታል፤ ሰው ፊት መዝፈን ዛሬም እፈራለሁ። እናቱ የት እንዳለች አላውቅም። ሆስፒታሉ ሄጄ ጠይቄ ነበር፤ ሲስተሯ ተዛውራለች። ልጁ በሕይወት ካለ መራመድ ጀምሯል። ሲራመድ መንገዱን ያየው አያየው እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።