ግማሽ ምርቃት

በእኛ ቤት ሳይመረቅ የሚወጣ እንግዳ የለም። አባቴ ክትባት ሊሰጥ የመጣውንም፣ ግብር ሊጠይቅ የመጣውንም፣ መንገድ ጠፍቶት ውሃ የለመነውን የጭነት መኪና ሹፌርም መርቆ ነው የሚሸኘው። መዳፉን ይዘረጋል፣ ዓይኑን ከታች ሐይቁ ላይ ያሳርፋል፣ «ያሰብከው ይሙላ፣ ወጥተህ ግባ፣ ክፉ አይይህ» ይላል። የተቀመጠው ሁሉ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ «አሚን» ይላል። የተመረቀ ሰው የተመረጠ ሰው ነው ብሎ የሚያስብ ከአምባሰል እስከ ሐይቅ ከተማ አንድ ሰው እንኳ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ምርጫው በተቃረበበት ሰሞን ሁለት ዕጩዎች ተከታትለው አባቴ ቤት መጡ። እኔ አልነበርኩም። የአዋላጅነት ሥራዬ ወስዶ ጋምቤላ አስቀምጦኛል፤ የሆነውን የነገረችኝ የወንድሜ ሚስት ናት። መጀመሪያ የመጡት አንድ መምህር ናቸው። ባጃጃቸውን አስፋልቱ ላይ ትተው ዳገቱን በእግራቸው ወጡ፣ ተመረቁ፣ ሄዱ። በማግሥቱ የምክር ቤቱን ወንበር አሁን የያዙት ሰውዬ በመኪና ታጅበው መጡ፤ የሬዲዮ ጋዜጠኛም መቅጃውን ይዞ ተከትሏቸዋል። አባቴ እሳቸውንም መረቀ። ሲጨርስም፣ «ትናንት የመጣውንም እንዲሁ ብዬዋለሁ፤ ከሁለታችሁ ለሕዝቡ የሚበጀውን አላህ ያምጣልን» አለ። ቤቱ ሙሉ አሚን አለ።

ሬዲዮው ያሰማውን ያገኘሁት የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ልኮልኝ ነው። ሩቅ የሚኖር ሰው አገሩን የሚያገኘው ሌላው መርጦ በሚልክለት ልክ ነው፤ «ደህና ነን» ሲሉኝ እንኳ ምኑን አስቀርተው ይሆን እያልኩ ነው የማድረው። አንባቢዋ «የአገር ሽማግሌዎች ለዕጩው ያላቸውን ድጋፍ ገለጹ» አለች። የአባቴ ድምፅ መጣ፤ ሰውየውን መረቀ። ከዚያ አሚን ተባለ፣ ከአሚኑ ሥር የአምባሰል ቅኝት በክራር ገባ፣ አለቀ።

ደጋግሜ ሰማሁት። ያስጠረጠረኝ አሚኑ ነው። በዛብኝ። ለአንድ እንግዳ የሚባለው አሚን ቀለል ያለ ነው፤ ግማሹ ሰው በጉሮሮው ብቻ ነው የሚለው። ይሄ ግን ሴቶቹ ከጓሮ ሳይቀር የተቀበሉት፣ ለሕዝብ ሲለመን የሚባለው አሚን ነበር። ቃሉን ቆርጠው ጥለው የእሱን አሚን ከዚህኛው ጋር ቀጥለውታል ማለት ነው። ሰውን በክፉ መጠርጠር ወንጀል እንዳለበት ኡስታዞቻችን አስተምረውናል፤ «ይቅር በለኝ» ብዬ እስቲግፋር አልኩና ስልኬን አስቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቼ እንደገና አነሳሁት።

አባቴ ጋ ደወልኩ።

«አባዬ፣ ሬዲዮ ላይ ወጣህ አሉ፤ ሰማኸው?»

«ምን ልሰማው፣ እኔው ነኝ የተናገርኩት።»

«ግማሹን ነው እኮ ያወጡት።»

«ሰዎቹ የተቆጡት ለዚህ ነው ለካ» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሐይቁ ዳር ሽንኩርት የሚያለሙ ሁለት ቤተሰቦች በአንድ የውሃ ሞተር ይጠቀማሉ። በውሃ ተራ ተጣሉና የአንደኛው ቤት ልጅ የሌላኛውን ልጅ በአካፋ ፈነከተው። ልጁ ተርፏል፤ አጎቱ ግን መሣሪያውን ከተሰቀለበት አውርዷል ተባለ። አባቴና እስጢፋኖስ ገዳም የተማሩ አንድ ቄስ ብዙ ተመላልሰው ሁለቱን ወገን ሐሙስ ለእርቅ ሊያስቀምጧቸው ቀን ይዘው ነበር። የተፈነከተው ልጅ ቤተሰብ ደግሞ ከመምህሩ ጋር ይዛመዳል። ሬዲዮውን እንደ ሰሙ ለአባቴ እንዲህ ብለው ላኩበት፤ «ወገን የያዘ ሽማግሌ ፊት አንቀመጥም። ሬዲዮ ያለውን ሬዲዮ ካልመለሰው ሐሙስን እርሳው።»

ሐሙስ ሳይቀመጡ ካለፈ የሚሆነውን እኛ አገር ማንም ለማንም አያስረዳም። የዓመት ፈቃዴን ጠይቄ ተነሳሁ።

ከደሴ ወደ ሐይቅ በምንሄድበት ሚኒባስ ውስጥ የአባቴ ነገር ቀድሞኝ ተሳፍሯል።

«ሽማግሌም እንደ ሽንኩርት በኪሎ ሆነ» አለ ከፊቴ ያለው።

«ኧረ በአላህ ተው፣ የሰው ሥጋ አትብላ» አለችው ዘንቢል የታቀፈች ሴት።

«እኔ ምን አልኩ? በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ሬዲዮ ይዋሻል?»

«የኔ አለም፣ ሬዲዮማ ምን አፍ አለው?»

ረዳቱ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ «እህት፣ ሒሳብ። ምርቃት አንቀበልም፤ ከተማው ውስጥ ዋጋው ወርዷል» አለ። ሁሉም ሳቁ። ሻርፔን ወደ ፊት ሳብ አድርጌ ከፈልኩ። ሳቃቸው ለእኔ ተብሎ ይሁን፣ ወይስ ማን እንደሆንኩ ሳያውቁ፣ እስክወርድ ድረስ ፊታቸውን ስፈትሽ ነበር።

ቤት ስደርስ አባቴና ቄሱ ዋንዛው ሥር ተቀምጠው ይከራከራሉ።

«እኔ ልውጣና አንቱ ብቻዎን ያስቀምጧቸው» ይላል አባቴ።

«አንተ ስትወጣ እኮ 'ወገን ይዞ ነበር' የሚለውን አጸደቅህላቸው» ይላሉ ቄሱ። «ደግሞስ እኔን ብቻዬን ካገኙኝ ነገ 'ለፍልሰታ ጾም ዕጩ አቀረቡ' ብለው ያወጡኝ እንደሆነስ?»

በማግሥቱ ሬዲዮ ጣቢያው ሄድኩ። አዘጋጁ በትሕትና አስቀመጠኝ።

«አባትሽ ያላሉትን ጨምረናል?»

«አልጨመራችሁም።»

«ታዲያ?»

«ያሉትን ቀንሳችኋል።»

«እህቴ፣ የአየር ሰዓት አጭር ነው። ሁሉም ሰው ቀሪ ንግግር አለው።»

«መምህሩ ሲመረቁስ ጋዜጠኛችሁ የት ነበር?»

«አልጠሩንማ።»

«ሰውየው ጠርተዋችኋል ማለት ነው?»

ስልኩን አየት አደረገና ወረቀት ገፋልኝ። «ቅሬታሽን ጻፊው። ስምሽን፣ የምትሠሪበትንም ጨምሪ።» ስሜን ጻፍኩ። የምሠራበትን ተውኩት። የአባቴን ቃል ለመመለስ የመሥሪያ ቤቴ አድራሻ ምን ያደርግላቸዋል?

ከግቢው ስወጣ አንድ ወጣት አጠገቤ ደረሰና፣ «እህት፣ ቦርሳሽ ተከፍቷል» አለኝ። አልተከፈተም ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እቤታችሁ መጥቼ የቀዳሁት እኔ ነኝ። ሙሉውን ነው የሰጠሁት፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የእኔ አይደለም» አለ።

«የማን ነው?»

«ልጆች አሉኝ» አለ። መልሱ ይሄ ነበር። ከዚያ ቦርሳዬን የሚያስተካክልልኝ መስሎ፣ «ረቡዕ የአድማጮች ሰዓት አለ፤ በቀጥታ ነው የሚተላለፈው። እዚያ መቀስ አይደርስም። እኔ ግን አልነገርኩሽም» ብሎኝ ሄደ።

መንገዱን ሙሉ ስለ እሱ ሳወጣ ሳወርድ ነበር። አዝኖ ነው? ወይስ አባቴን በቀጥታ አስወጥተው ሌላ ነገር ሊያናግሩት ነው የላኩት? ሰው ደግ ሲሆንልኝም ማን ልኮት ይሆን ማለት የጀመርኩት ያን ሰሞን ነው። አባቴ ግን ሲሰማ አልተጠራጠረም። ያሳሰበው ሌላ ነው። «ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ካላልኳቸው መሐል ገብተው ይቆርጡብኛል» አለና ቀኑን ሙሉ ብቻውን ሲያጉተመትም ዋለ።

ረቡዕ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጣን፤ አባቴ፣ ቄሱ፣ የወንድሜ ሚስትና እኔ። ከታች ያሉት ጎረቤቶች ሬዲዮአቸውን ደጃፍ አውጥተዋል። ስደውል አንዲት ሴት አነሳችና ስለ ምን እንደምንናገር ጠየቀችኝ። መዋሸት አልፈለግኩም፤ ሁሉንም መናገርም አልፈለግኩም። «አባቴ አድማጮችን ሊመርቁ ነው» አልኳት። «ውይ ደስ ይላል! መስመር ላይ ይጠብቁ።» ጠበቅን። ዘፈን መጣ፣ ማስታወቂያ መጣ፣ ሌላ ዘፈን መጣ። አንድ ሰውዬ ስለ ዓሣ ዋጋ ብዙ ተናገረ።

«እኚህ ሰው መረባቸውን እስኪያወጡ ልንጠብቅ ነው?» አሉ ቄሱ።

በመጨረሻ ተራችን ደረሰ። ስልኩን ለአባቴ ያዝኩለት።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እንደምን ዋላችሁ» አለ፣ ከሐይቁ ማዶ ላለ ሰው የሚጣራ ይመስል ጮክ ብሎ። «ያን ጊዜ ያሰማችሁኝ ሽማግሌ ነኝ። መምህሩም ባለ ወንበሩም፣ ሁለቱም ቤቴ መጥተው ሁለቱንም መርቄያለሁ፤ ወገን የለኝም። እናንተ ያወጣችሁት ግማሹን ነው። የቀረው ግማሽ...»

መስመሩ ጠፋ።

ከታች ካለው ሬዲዮ የአቅራቢው ድምፅ ተሰማ። «አባታችን መስመሩ ተቋርጦብናል፤ የኔትወርክ ችግር ይመስላል፤ እናመሰግናለን።» ክራር ገባ።

«ቆረጡት!» አለች የወንድሜ ሚስት። ከታች ከየደጃፉ መለሱላት፤ «ቆረጡት! ከአፋቸው ላይ ነጠቋቸው!» እኔም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ውስጤን ደስ አለው። አላልኩም ነበር? ይኸው፣ አገር እየሰማቸው።

ያን ጊዜ ስልኩ እጄ ላይ ነዘረ። አነበብኩት። ሒሳቤ አልቋል ይላል። ሐይቅ ከተማ የሞላሁትን ካርድ ያ ሁሉ ጥበቃ በልቶታል።

ዳገቱን ስንወርድ ከኋላ ቀርቼ ለአባቴ ብቻ አነበብኩለት። ቆመ። «እነሱ አይደሉም የቆረጡት?» አለ። «አይደሉም አባዬ። የኔ ስልክ ነው።» ራሱን ነቀነቀና መንገዱን ቀጠለ። ቤት ሳንደርስ ከተፈነከተው ልጅ ቤተሰብ መልእክተኛ መጥቶ ጠበቀን። «ሰምተናል። ሲቆርጧቸውም ሰምተናል። ሐሙስ እንመጣለን» ይላል መልእክቱ። የወንድሜ ሚስት እልል አለች። እኔ አባቴን አየሁት። አላህን አመሰገነና፣ «ሐሙስ መጀመሪያ የምንናገረው ይሄንን ነው» አለኝ።

ሐሙስ ሐይቁ ዳር፣ ከሽንኩርቱ ማሳ አጠገብ ሁለቱም ወገን መጡ። የልጁ ራስ በሻሽ እንደታሰረ ነው። አጎቱ ከሁሉም ፊት ተቀመጠ፤ ባዶ እጁን ነበር የመጣው። የመክፈቻው ዱዓ፣ ፋቲሃው፣ ከመቀራቱ በፊት አባቴ ተነሳና እንዳለው አደረገ። «ትናንት መስመሩን የቆረጡት እነሱ አይደሉም። የልጄ ስልክ ሒሳብ አልቆ ነው። ቀድሞ ግማሹን አስቀርተዋል፤ እሱ እውነት ነው። የትናንቱ ግን የእነሱ አይደለም። በሐሰት አምናችሁኝ እንዳትቀመጡ ነው።»

አጎትየው ፈገግ አለ። «አይ አባባ፣ አንቱ ደግ ነዎት። ልክ እሷ ቃል ላይ ሲደርሱ ነው ሒሳብ የሚያልቀው? ሒሳቡንስ ማን ጨረሰው?»

ሁለቱም ወገን ሳቁ። ከተጣሉ ወዲህ አብረው ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነው ሳይሆን አይቀርም። እኔ ከሴቶቹ መሐል ተነሳሁና መልእክቱን ከፍቼ አሳየሁት። አነበበው፤ በአክብሮት መለሰልኝ። «እህቴ፣ ይሄንንም የሚልኩት እነሱ ናቸው። ሩቅ አገር ስለኖርሽ ነው፣ ገና አላወቅሻቸውም።»

እኔን ነው እንግዲህ መጠርጠር የሚያስተምረኝ። አባቴ እንደገና ሊናገር አፉን ሲከፍት ቄሱ የጋቢውን ጫፍ ሳቡት። «ተናገርክ፤ ሰማን። አሁን ተቀመጡ ተብለው ተቀምጠዋል።» አባቴ ቆሞ ቆየ። ዓይኑ በአጎትየው ባዶ እጅ ላይ ነበር። ከዚያ ተቀመጠ፤ ነገሩ ተጀመረ። የውሃው ተራ ተለየ፣ የልጁ ካሳ ተነገረ፣ የመታው ልጅ ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ እግራቸው ሥር ወደቀ፣ አጎትየው አነሳው።

ምርቃቱ ሲደርስ ከሁለቱም ወገን ያሉ ወጣቶች ስልካቸውን አወጡ። አባቴ መዳፉን ጉልበቱ ላይ ጨበጠ።

«አባባ፣ እኛ ሙሉውን ነው የምንቀዳው» አለ አንዱ።

«አውቃለሁ ልጄ» አለ፤ መዳፉን ግን አልዘረጋም። ስልኮቹ አንድ በአንድ ወደ ኪስ ተመለሱ። አሁንም አልጀመረም፤ ወደ ሴቶቹ ዞሮ ያያል። ማንን እንደሚያይ የገባኝ ቆይቶ ነው። መልእክቱን ለማሳየት ያወጣሁት ስልክ እስካሁን እጄ ላይ ነበር። ከነጠላዬ ሥር ከተትኩት። አባቴ ያኔ መዳፉን ዘረጋ።