ስልክ የሌለው እጁን ያውጣ

በትምህርት ቤቱ የጽዳት ሥራ የጀመርኩ ቀን ምክትል ርዕሰ መምህሩ መጥረጊያና ባልዲ ሰጠኝና «የቆቦን አቧራ ታውቂዋለሽ፤ ሌላ የምነግርሽ የለም» አለኝ። እውነቱን ነው። ውኃ ሳይረጩ ከጠረጉ አቧራው ተነሥቶ ዴስኩ ላይ ይተኛል፤ ካበዙት ይጨቀያል። ልክ አድርጎ መርጨት እጅ ይጠይቃል። የኔ እጅ ቶሎ ለመደ።

ኮምፒውተር ሲመጣ የተቀመጠበትን ክፍል በደረቅ ጨርቅ ብቻ እንዳጸዳ ተነገረኝ። ገመዱን መንካት እፈራ ነበር። ፈሪ ነኝ፤ ትምህርቴንም ከሁለተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት ወደዚያ ክፍል ቀድሜ የምገባው እኔ ነበርኩና ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ የቤት ሥራ በቴሌግራም ይላክ ተባለ። ማን እንደወሰነው አላውቅም። እኔ የሰማሁት እዚያው ከምትማረው ልጄ ከሰዓዳ ነው። እኛ ቤት ያለችው ስልክ ቁልፏ የተፋቀ፣ መደወል ብቻ የምትችል ናት። ሰዓዳ ሲመሻሽ አስፓልት ዳር ወደሚቆሙት ባጃጅ ነጂዎች እየሄደች «እስቲ ስልክህን» ማለት ጀመረች። ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ቁመቷ ግን የትልቅ ሴት ነው። እስክትመለስ በር ላይ ቆሜ መንገዱን አያለሁ። ቅሪ እንዳልላት ትምህርቷ ነው።

የወላጆች ስብሰባ ቀን አግዳሚውን የደረደርኩት እኔ ነኝ። ርዕሰ መምህሩ «ቤቱ ስማርት ስልክ የሌለው እጁን ያውጣ» አለ። ማንም አላወጣም። የማን ቤት ምን እንዳለ አውቃለሁ፤ ግን ሰው ፊት የለኝም ማለት ያሳፍራል። «እንግዲያው ችግር የለም» ብሎ ሊያልፍ ሲል፣ በሩ ጋ እንደቆምኩ እጄን አወጣሁ።

«ምን ጎደለ፣ እትዬ ዘይነባ? ወንበር ነው?»

«ስልክ ነው።»

ወላጆቹ ሳቁ። «አንቺ እኮ ሠራተኛ ነሽ» አለኝ ርዕሰ መምህሩ፤ «የጠየቅሁት ወላጆችን ነው።»

ኮንትራቴ የሚታደሰው በሱ ፊርማ ነው። «ሰዓዳን የወለድኳት እኔ ነኝ» አልኩት። «ለቤት ሥራ ብላ ባጃጅ ነጂ ስትለምን ታመሻለች። እፈራለሁ።»

ከዚያ ሸህ ይማም የሚባሉ የልጅ ልጅ የሚያስተምሩ አዛውንት ተነሡ። «የኔይቱ ስልክ ከመደወል ሌላ የምታውቀው ባትሪ ማብራት ነው» አሉ። «ወላሂ፣ ዝም ያልኩት ዘይነባ ብቻዋን ድሀ ትባል ብዬ ነው!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ እጁ በየአግዳሚው ይወጣ ጀመር።

ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም። «ታዲያ ምን ይሻላል?» አለ። አንዲት እናት «ልጆቹንም ጠይቋቸዋ!» አለችው። ተጠሩ። ሰዓዳ ቆማ «መምህራን ከመላካቸው በፊት ሰሌዳ ላይ ይጻፉልን። የኮምፒውተር ክፍሉም ከትምህርት በኋላ ይከፈትልን» አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ያን ቀን ከኔ በላይ የኮራች እናት ነበረች አልልም።

እንዳለችው ሆነ። ኮንትራቴም ታደሰ።

ለትምህርት ቤቱ አዲስ ተቀጣሪዎች የምለው ይህን ነው። ለትምህርት ቤት እንደ ስልክ ያለ መሣሪያ ሲወሰን፣ መሣሪያው የሌለው ቤትና ልጆቹ ይጠየቁ። ክፍሉን የምታጸዳውም ወላጅ ናት።