የቄጠማ አጫጇ ፎቶ

ወይዘሮ ዓለምሸት በስደት አገር፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባል ሰፈር ይኖራሉ፤ እንጀራቸው በአረጋውያን መጦሪያ ልብስ ማጠብ ነው። በቤተ ክርስቲያን ግን የሚታወቁት በቄጠማ አጫጅነታቸው ነው። ቀዳም ሥዑር ምእመናኑ በራሳቸው ላይ የሚያስሩትን ቄጠማ፣ በሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ከስካርቦሮ ወዲያ ባለቤቱ ከፈቀደላቸው ወንዝ ዳር ያጭዳሉ።

አምና ከአጨዳ ሲመለሱ ጭናቸው ላይ የሰሊጥ ፍሬ የምታክል መዥገር አገኙ። የከብት አገር ልጅ ናቸውና ነቅለው ጣሏት። “ላም ያልገደለች እኔን ልትገድል?” ብለው ሳቁ።

በሳምንቱ ቦታው ጠቆረ፤ እየሰፋም ሄደ። የክሊኒኩ ሐኪም ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ሥዕል አሳያቸው። ነጭ እግር ላይ ቀይ ክብ ነው። “ላይም የሚባለው የመዥገር በሽታ ይህን ይመስላል። የእርስዎ በለዝ ነው” ብሎ ሸኛቸው። በጠይም ቆዳ ላይ ቀዩ ጠቁሮ ሊታይ እንደሚችል የነገራቸው አልነበረም።

ነሐሴ ላይ ጉልበታቸው አብጦ ደረጃ መውጣት አቃታቸው። ልጃቸው ኤፍራታ ቦታው በጠቆረ ጊዜ በስልኳ ያነሳችውን ፎቶ ለሌላ ሐኪም አሳየች። ሐኪሟ ደም አስመርምራ መድኃኒት አዘዘችላቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳኑ።

ዘንድሮ ለአጨዳ ሰባት ሰው ሲመዘገብ ወይዘሮ ዓለምሸት ፎቶውን አሳትመው የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ለጠፉት። የአዳራሹ ኃላፊ አቶ ተሻገር ነቀሉት።

“እትዬ፣ የሴት ጭን በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ?”

“ጭኑ የኔ፣ እፍረቱም የኔ። እርስዎን ምን አስጨነቀዎት?”

“ሰው ፈርቶ ለአጨዳ አልሄድም ይለናል። ደግሞ ክሊኒኩ ፖስተር አለው አይደል?”

“ያለው የነጭ እግር ነው። እስቲ ከነዚህ ሰባት ሰዎች ነጭ እግር ያለውን ይጥሩልኝ!”

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። አቶ ተሻገር ግን ፎቶውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። “እኔ እያለሁ አይለጠፍም።”

“ማሚ፣ ኢትስ ኦኬ፣ ተይው በቃ” አለች ኤፍራታ።

“አልተውም። ነገ ከነዚህ አንዱ በለዝ ነው ተብሎ ቢመለስ፣ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ የምጠየቀው።”

ረቡዕ ጠዋት አጫጆቹ መኪና ውስጥ ገብተው ሲጠብቁ፣ ወይዘሮ ዓለምሸት ፎቶውን በትልቁ አሳትመው በአንገታቸው አንጠልጥለው መጡ። ቀጥ ብለው ከመኪናው ፊት ቆሙ።

“ግድግዳው የእርስዎ ነው አቶ ተሻገር፤ ደረቱ ግን የኔ ነው። ይህን ሳያይ፣ መዥገር እንዳይገባበት ሱሪውን ካልሲ ውስጥ ሳይከት ማንም አይሄድም።”

“መንገድ ይልቀቁ እንጂ፣ ረፈደ!” አሉ አቶ ተሻገር ከመሪው ኋላ።

“ይርፈድ። እኔ ስንት ወር አነከስኩ፤ እናንተ አንድ ደቂቃ ብትቆሙ ምን አለበት?”

ፍቅሩ የሚባለው አጫጅ መጀመሪያ ወረደና ፎቶውን አተኩሮ አየ። “እኔስ ብሆን በለዝ ነው ብዬ እተወው ነበር” አለ። ሌሎቹም ተራ በተራ ወረዱ፤ እያዩ ካልሲያቸውን ሱሪያቸው ላይ ሳቡ።

አቶ ተሻገር ሞተሩን አጠፉ። ወርደው ጎንበስ አሉና ካልሲያቸውን እየጎተቱ፣ ቀና ሳይሉ ጠየቁ፦

“ጥቁረቱ በስንት ቀኑ ነው የሚወጣው?”

“የኔ በሳምንቱ ነው። ካዩ ይደውሉልኝ፣ ክሊኒክ አብሬዎት እሄዳለሁ። ‘በለዝ ነው’ ካሉን፣ በደንብ ሳያዩት ከወንበሩ አንነሳም።”