ኩሬውን ወደ ጎን ያሰፋን ጊዜ

ከቀራንዮ ቁልቁል፣ ወንዙ አጠገብ፣ ቆስጣ፣ ጎመንና ሰላጣ የምናለማ ሁለት ጎረቤታሞች ነን፤ እኔና አንድ ሽማግሌ። የምናጠጣው ከምንጭ ከሚሞላ አንድ ኩሬ ነው። በጋው ሲገፋ ኩሬው ይጎድልና የእኔ መደብ ቀድሞ ይደርቃል። ልጆቼ የሚበሉት ከዚያ መደብ ስለሆነ በጋ በመጣ ቁጥር እንቅልፍ የለኝም።

ሽማግሌው “ኩሬውን እናሳድገው” ሲሉኝ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ሰውየው ሰላምታ እንኳ በከንቱ የሚያባክኑ አይደሉም።

“እንዴት አድርገን፣ ጋሼ?”

“ወደ ታች እንቆፍረው። የማንም መሬት አይነካም።”

ቤቴ ገብቼ ሳወጣ ሳወርደው ነገሩ ተገለጠልኝ። የእኔ ቦይ የሚነሳው ከኩሬው ወለል ነው፤ ውሃው በራሱ ጊዜ ይወርድልኛል። ወለሉ ዝቅ ካለ የሚጨመረው ውሃ ሁሉ ከቦዬ በታች ይተኛል፣ ከዚያ የሚያወጣው ሞተር ብቻ ነው። ሞተር ያላቸው ደግሞ እሳቸው ናቸው።

“አንተ መቼም ሰው አታምንም” አለችኝ ባለቤቴ።

“አላምንም” አልኳት።

በማግስቱ ሄጄ “ወደ ጎን ካልሆነ አይነካም” ብዬ ድርቅ አልኩ። በእሳቸው በኩል አለት ነው፣ ዶማ አይበሳውም። “እንግዲያው በእኔ በኩል ይስፋ!” አልኩ፣ የረታሁ መስሎኝ።

“አንተ ካልክ ምን አደርጋለሁ” አሉ ወዲያው። ክርክር የለ፣ ቅሬታ የለ። ሆዴ ያኔውኑ ጠረጠረ፤ ግን ቃሉ ከአፌ ወጥቷል።

የሰፈሩ ሰው በደቦ ወጥቶ ቆፈረ። የቆስጣ መደቤ ግማሹ ኩሬ ሆነ። የሠራተኛውን ዳቦና ጠላ እሳቸው ብቻቸውን ቻሉ፤ ይሄ ደግሞ ከሁሉም የባሰ አሳሰበኝ።

በጋው መጣ፣ ውሃውም መጣ። ሰላጣዬ ሳይጠወልግ ሲቆም ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ቢሆንም ሞተራቸው በተነሳ ቁጥር ሮጬ ኩሬውን አያለሁ። ውሃው አይጎድልም። አንዲት ጣሳ እንኳ አልሰረቁኝም፤ ይሄም አናደደኝ።

አንድ ጠዋት ቦዬን ስከፍት የጋሪ ጎማ ሲንቋቋ ሰማሁ። ሽማግሌው ጎመን የሞላ ጋሪ እየገፉ በኩሬው ዳር ይመጣሉ። በእኛ ዘንድ አብረው የሚያጠጡበት ኩሬ ዳሩ የጋራ ነው፣ ማንም ማንንም አይከለክልም። የእሳቸው ማሳ ከኋላው ወንዝ፣ ከፊቱ የእኔ መሬት ነው። በመሬቴ እንዳሳልፋቸው ስንት ዓመት ለምነውኝ እምቢ እንዳልኩ፣ ጎመናቸውንም በጀርባቸው ተሸክመው በወንዙ ዞረው ሲወጡ እንደኖሩ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። አሁን የሰፋው ኩሬ በእኔ መሬት ገብቶ ዋናው መንገድ ድረስ ደርሷል። መጀመሪያ “ወደ ታች” ያሉኝ እምቢ እንደምል አውቀው ይሁን ሳያውቁ ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም።

አጠገቤ ሲደርሱ ቆም አሉ። “ውሃው በደንብ ይደርስሃል?”

“ይደርሰኛል፣ ጋሼ።”

“እሰይ” አሉና ጋሪያቸውን መግፋት ጀመሩ። ዳሩ ጠባብ ነው፣ እኔ ደግሞ መሐሉ ላይ ቆሜያለሁ። መንገድ ለቀቅኩላቸው።